ወደ አጋሮ የሄደችው ጽጌረዳ

አጥራችን ላይ ቀይ ቀለም የተቀባው ጥር ውስጥ ነው። ከሥራ ስመለስ ቆርቆሮው ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት ተደርጎበት አገኘሁ። የጎረቤታችንም አጥር፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው የብረት በር ሠሪው ቤትም እንደዚያው ተቀብተዋል። ጅማ፣ ጊንጆ ውስጥ የእኛ ሠፈር መንገድ ሊሰፋ ነው ሲባል ስለከረመ ብዙም አልደነገጥኩም። የደነገጥኩት በማግስቱ ነው፤ ከቀበሌ የመጡት ሰዎች ሜትር ዘርግተው ለክተው ምልክት የሚሆን ድንጋይ ሲተክሉ። ድንጋዩ ያረፈው የበረንዳችን ደረጃ ሥር ነበር። ከደረጃው እስከ አጥሩ ያለው መሬት በሙሉ ሊሄድ ነው ማለት ነው። ያ መሬት ደግሞ የእማዬ የአበባ ቦታ ነው።

እማዬ በዚያን ጊዜ መናገር ካቆመች ከርማለች። ስትሮክ መታትና ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ዛለ፣ ንግግሯም አብሮ ሄደ። የሚባለውን ሁሉ ትሰማለች፣ ትረዳለችም፤ መመለስ ብቻ አትችልም። ከቃላቷ ሁሉ አፏ ላይ የቀረችው አንዲት ቃል ናት፤ “ነገ”። ለምን ይህቺ ቃል እንደቀረች ሐኪሙም አልነገረን። ውኃ ሲጠማት “ነገ” ትላለች፣ ሲበርዳት “ነገ” ትላለች፣ ከሥራ ስገባ ፈገግ ብላ “ነገ” ትለኛለች። እኔ በድምፅዋና በዓይኗ እየገመትኩ እኖራለሁ። ብዙ ጊዜ አገኘዋለሁ። የማላገኘው ቀን ግን ሁለታችንም እናዝናለን።

እኔ የምሠራው አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ፣ ላቦራቶሪ ነው። ቀን ከእሷ ጋር የሚውሉላት ጎረቤታችን ናቸው። እኔና ወንድሜ ከልጅነታችን ጀምሮ፣ በኦሮምኛው አክብሮት፣ “አዴ” ነው የምንላቸው። ከእማዬ ጋር በአንድ ዘመን ነው ወደዚህ ሠፈር የገቡት፤ ልጆቻቸውን በአንድ ላይ ነው ያሳደጉት። አዴ ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ያወሯታል፤ እማዬም በአንዷ ቃሏ ትመልስላቸዋለች፤ ከውጭ የሚሰማቸው ሰው ሁለት ጤነኛ ሴቶች የሚጫወቱ ነው የሚመስለው።

የአበባው ቦታ ብዙ ነገር ነበረው። ጥሩምባ የሚመስለው ነጭ አበባ፣ ሥሩ ድንች የሚመስለው ዳሊያ፣ በየቆርቆሮው የተተከለ ጄራንየም፣ አጥሩን የወጣ ቡገንቪሊያ። ከሁሉም መሀል፣ በረንዳው ፊት ለፊት፣ ጽጌረዳዋ ነበረች። ፈዘዝ ያለ ሮዝ፣ ቅጠሏ እንደ ጎመን የተደራረበ፣ ሽታዋ ግቢውን አልፎ መንገድ ላይ የሚሰማ። ግንዷ የልጅ ክንድ ያህላል። እማዬ ሙሽራ ሆና ከሸዋ ስትመጣ ከእናቷ ግቢ ቆርጣ፣ በእርጥብ ጨርቅና በላስቲክ ጠቅልላ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋ ያመጣቻት ናት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ወደ ጅማ የመጡት ተዛውሮ ነው። እሱ “ለጥቂት ጊዜ ነው” ብሏት ነበር፤ እሷ ግን ቅርንጫፉን ይዛ መጣች። “የእናቴ አበባ” ነበር የምትላት። በየወሩ ለማርያም ዕለት አንድ እቅፍ ቆርጣ ቤተ ክርስቲያን ትወስዳለች። ከታመመች በኋላ የምወስደው እኔ ነበርኩ።

ቀበሌ ሄድኩ። ያነጋገረኝ ሰው ትሑት ነበር፤ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። መሬቱን ተዉልን ማለቴ እንዳልሆነ፣ የምለምነው ክረምቱ እስኪገባ ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። አሁን በጋ ነው፤ አፈሩ እንደ ሸክላ ደርቋል፣ ውኃውም በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ያረጀ ተክል በዚህ ጊዜ ቢነቀል አይተርፍም አልኩት። እናቴ እንዴት እንደሆነችም ነገርኩት።

“እህቴ፣ ይገባኛል” አለኝ። “የእኔም እናት አበባ ትወዳለች። ግን አፍራሹ ማሽን የእኔ አይደለም። በማንኛውም ቀን ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ አጥሩንም አበባውንም አይለይም። ብታነሱት ይሻላችኋል።”

“መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም?”

“አይታወቅም። በዚህ ሳምንትም ሊሆን ይችላል።”

ቢቆጣኝ ኖሮ እኔም እቆጣ ነበር። አመስግኜው ወጣሁ።

ወንድሜ አጋሮ ነው የሚኖረው፤ ቡና ይነግዳል። በስልክ ነገርኩት፤ እሑድ ጠዋት በፒክአፑ መጣ። ዶማና አካፋ፣ ባዶ የቡና ጆንያም ጭኗል። ወንድሜ ፈጣን ሰው ነው። ችግር ሲነገረው እጅጌውን ይሰበስባል እንጂ ቁጭ ብሎ አያስብም።

ሌሎቹ አበቦች ብዙ አላስቸገሩንም። ዳሊያውን ቆፍረን ሥሩን አወጣን፣ ነጩን አበባ ከነድቡልቡል ሥሩ ነቅለን ጓሮ አቮካዶው ሥር ተከልነው፣ ጄራንየሙ በቆርቆሮ ስለሆነ ማንሳት ብቻ ነበር። ቡገንቪሊያውን ግን ተውነው፤ ከአጥሩ ጋር ተጠላልፎ አንድ ሆኗል። የቀረችው ጽጌረዳዋ ነበረች። ጓሯችን ጠባብ ነው፤ ያለችውም ቦታ ጥላ ናት። ጽጌረዳ ጥላ አትወድም። አዴ ግቢ ድሮ ከእሷ ተቆርጦ የተተከለ ነበር፤ እሱንም የሚከራዩ ክፍሎች ሲሠሩ አንስተውታል፤ የቀራቸውን መሬት ደግሞ ያው መንገዱ ሊወስደው ነው።

“እኔ ጋ ትሂድ” አለ ወንድሜ። “ግቢዬ ሰፊ ነው፣ ፀሐይ አለ፣ ጉድጓድ ውኃ አለ። በየሳምንቱ ለእማዬ አበባዋን አመጣላታለሁ።”

የተሻለ ሐሳብ አልነበረኝም። ለጉዳዩ ብዬ ስልኬ ላይ ያየሁት ቪዲዮ ሁሉ ጽጌረዳ በብርዱ ወራት እንቅልፍ ላይ እያለች ንቀሏት ነው የሚለው። ጅማ ላይ ጽጌረዳ አትተኛም። በዚያን ጠዋት እንኳን ሦስት አበባና ብዙ እምቡጥ ይዛ ነበር።

እማዬን ወንበሯ ላይ አድርገን በረንዳው ላይ አውጥተናታል፤ ጭኗ ላይ ነጠላ ጣል አድርጌላታለሁ። ዳሊያው ሲነቀል ዝም ብላ ነበር የምታየው። ወንድሜ ዶማውን ይዞ ጽጌረዳዋ ሥር ሲቆም ግን ግራ እጇን አነሳች።

“ነገ” አለች።

ወንድሜ ቆመ። “ነገ ይሁን ነው የምትይኝ፣ እማዬ? ነገ አልችልም፤ አጋሮ ሥራ አለብኝ።”

“ነገ፣ ነገ” አለች፤ እጇን እያወዛወዘች።

“አትንኩ ማለትሽ ነው?” ብዬ ጠየቅኋት። ራሷን ነቀነቀች፣ አይደለም። “ውኃ ይጠጣ ማለትሽ ነው?” ትንሽ አሰበችና እንደገና ራሷን ነቀነቀች። ባሊ ሙሉ ውኃ አምጥቼ ሥሩ አፈሰስኩ፤ ለማንኛውም ብዬ። እሷ ግን እጇን አላወረደችም። በጣቷ ወደ ላይ፣ ወደ ቅርንጫፎቹ ታመለክታለች፤ ከዚያ ወደ መሬት፣ ከዚያ ወደ እኔ።

“ቅርንጫፉ ይቆረጥ ነው?” አለ ወንድሜ። ሮጬ መቀስ አምጥቼ አሳየኋት። መቀሱን በግራ እጇ ተቀበለችኝ። ያገኘነው መስሎኝ ደስ አለኝ። ወንበሯን አንስተን ከደረጃው አወረድናት፤ ጽጌረዳዋ አጠገብ አደረስናት። መቀሱን ወደ አንድ ቅርንጫፍ አስጠጋች። ግራ እጇ ግን አልታዘዝ አላት፤ መቀሱ ተንሸራቶ ወደቀ። አንስቼ ሰጠኋት። እንደገና ወደቀ። ሦስተኛ ጊዜ ስሰጣት እጄን መታችኝና “ነገ” ብላ ጮኸች። ከታመመች ወዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

አዴ በአጥሩ በኩል ሲሰሙ ቆይተው ገቡ። ፊቷን በሻሻቸው ጠረጉላት፣ በኦሮምኛ ቀስ አድርገው አናገሯት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው “ምን እንደምትል እኔም አላወቅኩም ልጆቼ” አሉ። “ረቢቱ ቤካ። ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። የጀመራችሁትን ጨርሱ፤ ፀሐዩ ሳይከር።”

ከየትኛው ቅርንጫፍ ላይ ምን ያህል እንደሚቆረጥ ልታሳየን ነው፣ ወይስ የተቆረጠው ሌላ ቦታ እንዲተከል ነው የፈለገችው፣ ወይስ ጨርሶ ሌላ ነገር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወንድሜ በግምት ቆረጠ። ግማሹን ያህል አወረደው። የቆረጥነውን ቅርንጫፍ ጓሮ ውስጥ አፈር ላይ ሰካካሁት፤ አንድም አልያዘልኝም፤ በጋው ጨረሰው።

ከዚያ መቆፈር ጀመረ። አፈሩ ቀይና ደረቅ ነበር፤ ዶማው ሲያርፍ ብልጭታ ያወጣል። ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ ነበር የጀመረው፤ ሥሩ ግን በየአቅጣጫው ሄዷል፤ አንዱ በረንዳው መሠረት ሥር ገብቷል። አባቴ ቤቱን ሲያሳድስ ካስገባው ድንጋይ ጋር ተቃቅፏል። ወንድሜ ሸሚዙን አውልቆ፣ ተንበርክኮ በእጁ አፈሩን ጫረ፤ እኔም ከጎኑ ተንበርክኬ። ድንጋዩን መንቀል ደረጃውን መናድ ነው። ወንድሜ ግንዱን ይዞ ወዘወዘው፤ ከታች ድምፅ ሰማን። የወፍራም እንጨት ስብራት ድምፅ ነው። ዋናው ሥር ነበር። ሁለታችንም እማዬን አላየናትም።

በቡና ጆንያ ጠቅልለን፣ በገመድ አስረን፣ አርሰን ጫንናት። ወንድሜ የእማዬን ግንባር ሳመና “እንደ ልጄ ነው የማያት፣ እማዬ። አታስቢ” አላት። እሷ መኪናውን ነበር የምታየው። የግቢያችን በር ሲከፈት ጽጌረዳዋ ላይ የቀሩት ቅጠሎች ከወዲሁ ጠውልገው ነበር።

ማሽኑ በዚያ ሳምንት አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት ገባ፣ ዝናቡ ጀመረ። የቆፈርነው ጉድጓድ ውኃ አቁሮ እንቁራሪት ገባበት። ዳሊያው የነበረበት ቦታ ላይ ሣር በቀለ። ከክሊኒክ ስመለስ በየቀኑ ያንን ባዶ መሬት አልፌ ነው የምገባው። ቀበሌ ሄጄ ልጠይቅ ብዬ ተነሥቼ መንገድ ላይ ተመለስኩ። ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? ለምን አልመጣችሁም ልበል?

ወንድሜ በየጊዜው ይደውላል። “ይዛለች” አለ መጀመሪያ። “አቆጥቁጣለች” አለ በሌላ ቀን። ስልኩን ወደ እማዬ ጆሮ አስጠግቼ አሰማኋት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ራሱ መጣ፤ በላስቲክ የተጠቀለለ ሮዝ ጽጌረዳ ይዞ። “የእናትሽ አበባ አብባለች” ብሎ ደረቷ ላይ አደረገላት። እማዬ በግራ እጇ ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ረጅም ጊዜ አሸተተችው። ከዚያ ወንድሜን አየችው፣ ጉንጩን ዳሰሰችው፣ “ነገ” አለችው በቀስታ።

ብርጭቆ ውስጥ ልከተው ስቀበላት እኔም አሸተትኩት። ምንም ሽታ የለውም። አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሥሩ ስለተጎዳ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ወዲያ በየሁለት ሳምንቱ፣ ሲመቸው በየሳምንቱ እሑድ፣ አበባ ይዞ መምጣት ጀመረ። እማዬም እሑድ እሑድ ጠዋት ፀጉሯን እንድሠራት በእጇ ትጠቁመኝ ጀመር።

ሰኔ ላይ የወንድሜ ሚስት ታማ ልጠይቃት አጋሮ ሄድኩ። አስቀድሜ አልደወልኩም። ወንድሜ ገበያ ነበር። ከታማሚዋ ጋር ተጫውቼ ስወጣ ጓሮ ዞርኩ። ጽጌረዳዋን ወዲያው አገኘኋት። ለቡና ማድረቂያ ከሚሆነው አልጋ አጠገብ፣ ጥሩ ቦታ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ተተክላለች። ዙሪያዋን በድንጋይ ከብቦላታል፣ የከብት ፍግ አድርጎላታል፣ ከፍየል እንዲጠብቃት እሾህ አጥሮላታል። ግንዷ ግን ጥቁር ነው። በጥፍሬ ብፍቀው ውስጡም ደርቋል። ዝናብ በየቀኑ እየዘነበ እሷ ማገዶ ሆናለች።

እዚያው ቆሜ ሳለሁ ወንድሜ መጣ። ከበሩ ሲያየኝ ቆመ። ከዚያ መጥቶ ከጎኔ ቆመ።

“መቼ ነው?” አልኩት።

“ከመጀመሪያውም አልያዘችም። አንድ ጊዜ ትንሽ ቀይ ነገር ያወጣች መሰለኝና ደወልኩላችሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ረገፈ።”

“የምታመጣውስ?”

“እዚህ ፔንሲዮን አለ፣ ግቢው በሙሉ ጽጌረዳ ነው። ዘበኛው ያውቀኛል። ሮዙን እየመረጥኩ እቆርጣለሁ።” ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። “ምን ልበላት? አንቺ ምን ትያት ነበር?”

ይህ ኮስታራ ሰው፣ ገበያ ላይ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው፣ የሞተውን ግንድ በጫማው ጫፍ ነካ እያደረገ እንባውን ይውጣል። ዓመት ሙሉ ለእማዬ የሚሆን ሐኪም ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ የተመላለሰ እሱ ነው፤ አንዱም አልሆነለትም። ይህችን ቀላሏን እንኳን ልሥራላት ብሎ ነበር።

“አውቃለች መሰለኝ” አልኩት። “ሽታ የለውም። የመጀመሪያ ቀን ነው ያወቀችው። ዝም ያለችው ለአንተ ብላ ነው።”

“እንደዚያ ይመስልሻል?”

“አዎ።”

ትንሽ ቀለል አለው። እኔም የተናገርኩትን አምኜው ነበር።

ማሽኑ የመጣው በዚያው ሰኔ መጨረሻ ነው። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ አዴ ደወሉልኝ። ስደርስ አጥሩ ተነሥቶ፣ ቡገንቪሊያው ከነቆርቆሮው ተጠቅልሎ መንገድ ዳር ወድቋል። ሥራው አንድ ጠዋት አልፈጀም። የአዴም ግቢ እንደኛው ተከፍቷል፤ ወጪ ወራጁ ሁሉ ሳሎናቸውን ያያል። እማዬን ጓሮ በኩል ወስደዋት ነበር፤ ድምፁን እንጂ አላየችውም። “ጀባዱ፣ በርቺ” አሉኝ አዴ። አብረን ቆመን አየን እንጂ ሌላ ምን እናደርጋለን።

ሐምሌ ውስጥ አንድ እሑድ ወንድሜ ባዶ እጁን መጣ። ዝናብ ነበር። ፔንሲዮኑ ተሸጦ ጽጌረዳዎቹ ተነቅለው ወለሉ ሴራሚክ ሊነጠፍበት ነው አለኝ በር ላይ፣ በሹክሹክታ። እማዬ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ነጠላዋን ለብሳ ተቀምጣለች። እጁን አየችው። ከኋላው ያለውን በር አየች። እንደገና እጁን አየች።

ወንድሜ ከፊቷ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሌላ ውሸት ይፈጥራል ብዬ ነበር፤ ፔንሲዮን እንደሆነ አጋሮ ውስጥ ሌላም አይጠፋም። እሱ ግን ነገራት። ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ምንም ሳያስቀር። ሥሯ እንዴት እንደተሰበረ፣ እንዴት እንደተከላት፣ ጠዋትና ማታ ውኃ ያጠጣት እንደነበር፣ እንዴት እንደደረቀች፣ አበቦቹን ከየት ያመጣ እንደነበር። “ታውቂያለሽ አለችኝ” አለ ወደ እኔ እየጠቆመ። “ታውቂ ነበር አይደል፣ እማዬ?”

እማዬ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም፤ ያቺ አንዷ ቃል እንኳን። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ስትሮኩ ሲመታት አላለቀሰችም፣ የአበባው ቦታ ሲፈርስ አላለቀሰችም። አሁን ግን ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ግማሽ ፊቷ ብቻ እየተኮማተረ አለቀሰች። ታውቃለች ያልኩት እኔ ነኝ። ወይ አታውቅም ነበር፤ ወይ ደግሞ እያወቀች ያንን እሑድ እሑድ የሚመጣውን ነገር ትፈልገው ነበር፣ አሁን ደግሞ እሱም ቀረ። የትኛው እንደሆነ ልትነግረን አትችልም፤ እኛም መጠየቅ አልቻልንም።

“ምን ላድርግልሽ?” ይላል ወንድሜ፣ ጉልበቷን ይዞ። “ሌላ እተክልልሻለሁ። ሸዋ ድረስ ሄጄም ቢሆን አመጣለሁ።” የአያቴ ቤት ከተሸጠ ዘመናት አልፈዋል፤ እሱም ያውቃል።

እኔ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረግኩላት። እንደገና ፈሰሰ፤ እንደገና ጠረግኩላት። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ በርትቶ ስለነበር ወንድሜ የሚለው ሁሉ አይሰማም፤ አፉ ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታየኛል። ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ተነሥቼ ሽሮውን አሞቅኩ፣ ወንድሜም ማንኪያውን ተቀብሎኝ እሱ አጎረሳት።